ሁለተኛው ችካል

በሦስተኛው ቀን ረፋዱ ላይ ከብር ወንዝ ማዶ ደመና ተነሣ። ከሁሉ ቀድሞ ያየው ይሄይስ ነበር፤ ከሰኞ ጀምሮ የሰው ፊት ማየት ስለ ፈራ ዓይኑን የሚያሳርፈው ሰማይ ላይ ነበርና። ደመናው ትንሽ ነው። ግን ወሩ ኅዳር ነው፤ የአገሩ ጤፍ ታጭዶ፣ ገና ሳይከመር፣ ማሳ ለማሳ ተኝቷል። የተኛ ጤፍ ላይ ዝናብ ከወረደበት ፍሬው ነዶው ላይ እንዳለ ይበቅላል፣ ያልበቀለውም ይጠቁራል። ይህን የማያውቅ አንድም ሰው በዚያ ሜዳ ላይ አልነበረም፤ ሆኖም ሁሉም ተቀምጦ ነበር።

የተቀመጡት የጥቁር ውሃ ሚካኤል ደብር ወንዶች ናቸው። ከማንኩሳ መንገድ ዝቅ ብሎ ባለው መስክ፣ ሾላዋን ከበው፣ ሁለት መቶ የሚሆን ሰው ጋቢውን ተከናንቦ ሦስተኛ ቀኑን ይዟል። ዙሪያውን የቀኛዝማች ክንፈሚካኤል አሽከሮች ዱላ ይዘው ይዞራሉ። ለሽንት የሚነሣ እንኳ ታጅቦ ነው የሚሄደው። ሚስቶች ስንቅ ያመጣሉ፤ ከአሽከሮቹ መስመር አልፈው መግባት ግን አይፈቀድላቸውም።

የተጠራው አውጫጭኝ ነው። አጥፊው ያልታወቀ ነገር ሲፈጸም የደብሩ ሰው አንድ ቦታ ይሰበሰባል፤ አጥፊው እስኪወጣ ድረስ ማንም ወደ ቤቱ አይመለስም። ሕዝቡ ከመካከሉ ሦስት ሽማግሌዎች ይመርጣል። እነሱ ለብቻቸው ይቀመጡና ሰው አንድ በአንድ እየቀረበ የሚያውቀውን በጆሯቸው ይነግራቸዋል። የነገራቸውን ሰው ስም አያወጡም፤ መስቀል መትተው ምለዋል። "ወፍ ነገረችን" ይላሉ እንጂ እገሌ ነገረን አይሉም። ሦስት ወፎች አንድ ስም ካነሡ ነገሩ ያልቃል፤ ያ ሰው አጥፊ ነው። ካላነሡ መቀመጡ ይቀጥላል።

ይህ ሁሉ የሆነው ስለ አንዲት በቅሎ ጭራ ነው።

በቅሎዋ ከሾላዋ ሥር፣ ከቀኛዝማች ጀርባ ቆማለች። ቀኛዝማች ጥቁር ካባቸውን ደርበው በተጣጣፊ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠዋል፤ ሰባ ዓመት አልፏቸዋል። ዝንብ ባረፈባት ቁጥር በቅሎዋ ጭራዋን ልትወነጭፍ ትሞክራለች፤ የሚንቀሳቀሰው ግን በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ አንድ ስንዝር ጉማጅ ነው። ያን ጊዜ ከሕዝቡ መካከል ሳል የሚመስል ነገር ይሰማል። ሳቅ የሚታፈነው እንደዚያ ነው። ጭራዋ በተቆረጠ በቅሎ ላይ ተቀምጦ ገበያ የሚወጣ፣ ቤተ ክርስቲያን የሚሳለም ጌታ የለም፤ ቀኛዝማችም ሳሉን በሰሙ ቁጥር የአንገታቸው ሥር ይገተራል።

ይሄይስ ከሦስቱ ሽማግሌዎች አንዱ ነው። ጭራዋን የቆረጠውም እሱ ነው።

ሰኞ ዕለት ምርጫው ሲደረግ ሰው ሁሉ "ይሄይስ ይሁን፤ ይሄይስ አይዋሽም" አለ። "እኔ አልችልም፣ ሌላ ሰው ፈልጉ" ቢል ጊዜ "አያችሁ፣ ሹመት የማይወድ ሰው ነው" ብለው ይበልጥ ያዙት። መስቀሉን መትቶም "የሰማሁትን ወፍ አላወጣም፤ ያወቅሁትን አልደብቅም" ብሎ ማለ። ከዚያ ወዲህ ሰው ቀርቦ አላየሁም ባለ ቁጥር ሁለተኛዋ ቃል ትመጣበታለች።

ነገሩ እንዲህ ነው የሆነው። ባለፈው ሳምንት ከፍኖተ ሰላም አንድ ገማች መጣ፤ አዲስ ለወጣው የእርሻ ግብር ማሳ እያየ የሚጽፍ ወጣት። ከቡሬ እስከ ሽንዲ ያለ ገበሬ በዚያ ዓመት ስለ ሌላ ነገር አያወራም ነበር። ወረቀት ላይ የሰፈረ መሬት ከአባት ርስትነት ይወጣል፣ መንግሥት ለፈለገው ይሰጠዋል ይባላል። እውነት ይሁን አይሁን የሚያውቅ የለም። ገማቹ ከይሄይስ ማሳ ጥግ ቆመና "ይህ የማን ነው?" አለ።

ማሳው የቀኛዝማች ሁዳድ ጥግ ነው፤ የደብሩ ሰው በየዓመቱ እየወጣ በነጻ የሚያርስላቸው የትልቁ እርሻ አንድ ጥግ። አባቱ የቀኛዝማች በቅሎ ጠባቂ ነበር። "ይህችን ጥግ ለራስህ እረስ" ብለውት ሠላሳ ዓመት አረሳት። እሱ ሲሞት ይሄይስ ዐሥራ ስድስት ዓመት አረሳት። የቀኛዝማች ናት ቢል ውሸት አይሆንም፤ የእኔ ናት ቢልም ውሸት አይሆንም። በመጨረሻ "በቃል የተሰጠችን ናት" አለ።

"በቃል" አለ ገማቹና ሳቀ። ክፉ ሳቅ አልነበረም፤ ከጠዋት ጀምሮ ይህንኑ መልስ ሲሰማ የዋለ ሰው ድካም ነበር። "በቃል ተብሎ የሚሞላ ቦታ ወረቀቴ ላይ የለም።"

ይሄይስ አጠገቡ የቆሙትን ቀኛዝማችን አያቸው። አንድ ቃል እንዲናገሩለት ነበር። ቀኛዝማች አቀርቅረው በከዘራቸው ጫፍ አንድ ጓል ገለበጡ።

ገማቹ ያደረው ቀኛዝማች ቤት ነው። ይሄይስ በአልጋው ላይ ያን ሳቅ ሲሰማ አደረ፤ ጎህ ሊቀድ ሲል ማጭዱን ይዞ ተነሣ። የፈለገው ገማቹ ጭራ በሌላት በቅሎ ላይ ሆኖ ፍኖተ ሰላም እንዲገባ፣ በተራው እንዲሳቅበት ነበር። የቀኛዝማች ግቢ ያደገበት ስለሆነ ውሾቹ አልጮኹበትም። ከደጃፉ ሁለት ችካሎች አሉ። ከእልፍኙ በር አጠገብ ያለው የቀኛዝማች በቅሎ ችካል ነው፤ ደጃዝማች ቢመጣ እንኳ ሌላ በቅሎ አይታሰርበትም። ሁለተኛው፣ ወደ አጥሩ ያለው፣ የእንግዳ ነው። ይሄይስ በአባቱ ትከሻ ላይ ሆኖ የተማረው ሥርዓት ነው። ስለዚህ የበቅሎዋን ፊት መዳበስ አላስፈለገውም። ሁለተኛው ችካል ላይ ያለችውን በቅሎ ጭራ ጨብጦ ማጭዱን ሳበው።

ሲነጋ ጩኸቱ የተሰማው የቀኛዝማች በቅሎ ጭራ ተቆረጠ ተብሎ ነው።

ማንም አልነገረውም፤ ግን ሌላ ሊሆን አይችልም። ቀኛዝማች በዚያ ምሽት የራሳቸውን በቅሎ አስፈትተው የገማቹን በቅሎ ከእልፍኙ በር አስረዋል። ቀኛዝማች ከገበሬው ግብር የሚበሉበት ጉልት በአዋጅ ከቀረ ሁለት ዓመት ሆኖት ነበር፤ ቢሆንም ሰው ሁዳዱን ሲያርስ፣ መንገድ ላይ ሲያገኛቸው ከበቅሎ ሲወርድ እንደ ድሮው ነው። ይሄይስ ስለ ጭራው ሲያስብ ያፍራል። ስለ ችካሉ ሲያስብ ግን ምን እንደሆነ የማያውቀው ፍርሃት ይይዘዋል።

ሦስቱ ሽማግሌዎች ከሕዝቡ ራቅ ብለው ከአንድ ቋጥኝ ጥግ ተቀምጠው ነበር። አንዱ መሪጌታ ተስፋው ናቸው፤ የደብሩ የቅኔ መምህር፣ ዓይናቸው ስለ ደከመ ሰውን በኮቴው የሚለዩ። ሌላው እጅጉ ነው፤ የይሄይስ ጎረቤት፣ ለአፉ ለከት የሌለው ገበሬ።

"ስንት ሰው ቀረ?" አሉ መሪጌታ።

"የለም፣ አለቀ" አለ እጅጉ። "ሁለት መቶ ሰው አላየሁም አለን። አንዱማ በቅሎ የሚባል ነገርም በዓይኔ አይቼ አላውቅ አለኝ።"

"እንግዲህ የቀረነው እኛ ነን።"

ሥርዓቱ እንዲህ ነው፤ መጨረሻ ላይ ሽማግሌዎቹም እንደ ማንኛውም ሰው የሚያውቁትን ይናገራሉ። እስካሁን ሁለት ወፎች ተናግረዋል፤ ሁለቱም አንድ ስም ነው ያነሡት። የመጀመሪያው ወፍ የቀኛዝማች አሽከር ነው፤ በቅሎዎቹን የሚያስረው ራሱ። ሁለተኛው ሰፊ ጤፍ ያለውና መጠበቅ የሰለቸው ሰው ነው። ሁለቱ ያነሡትም ስም ደረሰ ነው፤ ሸማኔው ደረሰ።

ደረሰ ከሰባት ዓመት በፊት ከሽንዲ በኩል ከሚስቱ ከአደይ ጋር መጥቶ በቀኛዝማች መሬት ዳር ጎጆ የቀለሰ ሰው ነው። ርስት የለውም፣ ዘመድ የለውም። ሰኞ ዕለት ቀኛዝማች "አጥፊው የወጣ ዕለት ፀሐይ ሳትጠልቅ ጎጆው ይፈርሳል፣ አገሬንም ይለቃል" ብለው ነበር።

እጅጉ አንገቱን አስግጎ ደመናውን አየ። አሁን ደመናው የማዶውን ተራራ ደፍኖታል። "እኔ ወፍ ልሁን" አለ። "ደረሰ ነው። ሦስት ሞላ፤ እንሂድ።"

"አየኸው?" አለ ይሄይስ።

"ማንን?"

"ደረሰን። ሲቆርጥ።"

"እኔ ያየሁት ደመናውን ነው።"

"ታዲያ እንዴት . . ."

"እንዴት አትበለኝ። ሰውየው ያለው አንድ ጉድጓድ ነው፤ እግሩን ከትቶ ይሸምንበታል። ጉድጓድ ሽንዲም ይቆፈራል። የኔ ጤፍ ግን ተነሥቶ ሽንዲ አይሄድም።"

"እጅጉ፣ መስቀል መትተሃል" አሉ መሪጌታ።

"ሚካኤል ይምረኛል መሪጌታ። ልጆቼ ግን ክረምት ሲገባ አይምሩኝም።"

ይሄይስ ከተቀመጠበት ተነሣ። "ትንሽ ታገሡኝ" አለ። "ሚስቴ ስንቅ ይዛ ቆማለች።"

ደስታነሽ ከአሽከሮቹ መስመር ወዲያ አገልግሏን ይዛ ቆማለች። እጇ እስከ ክርኗ በጤፍ ገለባ ተቧጭሯል። አገልግሉን ስትሰጠው ድምጿን ዝቅ አድርጋ "ጭራውን ባዶው ቀፎ ውስጥ አገኘሁት" አለችው።

ይሄይስ አገልግሉን በሁለት እጁ ያዘ።

"አቃጠልሁት። ቤቱ እስካሁን ይከረፋል። ፈገግ በል፤ አሽከሩ ያየናል።"

ፈገግ ለማለት ሞከረ።

"ስም ወጥቷል አሉ" አለች። "ደረሰ ነው አሉ። ጋቢህ እሱ ዘንድ ነው። ትናንት አደይን ጠይቄያት ድሩን ዘርግቶታል ብላኝ ነበር። ልትል የፈለግኸውን አውቃለሁ። አትበለው። ማሳዋ ከተወሰደች የት ነው የምንገባ? እነሱ ሁለት ናቸው፣ እኛ ስድስት ነን።"

ይህን ስትል ፊቱን አላየችውም። ቃሉ ለራሷም እንደ ጎረበጣት ያስታውቃል። "እኔና ልጆቹ ነዶ መሰብሰብ ጀምረናል" ብላ ዞረች። "ሩቡን እንኳ አላደረስንም። ዛሬ ካልተፈታችሁ አለቀልን።"

ይሄይስ ሲመለስ መንገዱ በደረሰ በኩል ሆነ። ሰው ሁሉ ከሸማኔው ክንድ ያህል ሸሽቶ ስለ ተቀመጠ፣ ደረሰ በዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል ብቻውን ደሴት መስሎ ነበር። ጣቶቹ ጉልበቱ ላይ ሆነው የሌለ መወርወሪያ ይወረውራሉ።

"አያ ይሄይስ፣ ዝናቡ ይመጣል ይሆን?"

"ይመስላል።"

"አይ። ጤፉን ነው እኔስ የማዝነው።" ደረሰ አንድ ነዶ እንኳ የሌለው ሰው ነው። "ሌላም ልጠይቅዎ ብየ ነበር። የጋቢዎ ጥለት ቀይ ይሁን ጥቁር? ወይዘሮ ደስታነሽ አልነገሩኝም።"

ይሄይስ የመለሰለትን አያስታውስም። ከቋጥኙ ጥግ ሲደርስ አገልግሉን መሬት ላይ አስቀመጠ፤ አስቀምጦም ቆሞ ቀረ።

"ወፍ አያስፈልግም" አለ። "እኔ ነኝ።"

"ምን እኔ ነኝ?" አለ እጅጉ።

"ጭራዋን የቆረጥሁት።"

እጅጉ ሊስቅ ጀመረና የይሄይስን ፊት አይቶ ሳቁን ዋጠው። "አልሰማሁም" አለ። "መሪጌታ፣ እርስዎም አልሰሙም።"

"የደከመው ዓይኔ ነው እንጂ ጆሮየ አይደለም" አሉ መሪጌታ። ተነሥተው በእጃቸው የይሄይስን ትከሻ ፈልገው ያዙ። "ምራኝ" አሉት። "ነገሩ መጀመሪያ ለዳኛው ነው የሚነገር።"

ከቋጥኙ እስከ ሾላዋ ሃምሳ እርምጃ ቢሆን ነው። ይሄይስ ሲሄድ የሚሰማው የመሪጌታ እጅ ክብደት ብቻ ነበር። ሁለት መቶ ሰው ያያቸዋል፤ የሚሉትን ለመስማት ግን ርቆ ነው የተቀመጠው።

"ተገኘ?" አሉ ቀኛዝማች።

"ተገኘ" አሉ መሪጌታ።

"ሸማኔው ነው፤ አይደለም?"

"ይሄይስ ነው።"

"የቱ ይሄይስ?"

"ይኸው እኔን የሚመራኝ።"

ቀኛዝማች ቀስ ብለው ዞሩ። የተቆጡ አይመስሉም፤ ያልገባቸው ይመስላሉ። "አባትህ እርካብ እየያዘ ነው ያወጣኝ፣ ያወረደኝ" አሉ። "አንተን እግቢየ ውስጥ ነው ያሳደግሁህ። ምን በደልሁህ?"

"የእርስዎን አልነበረም ጌታየ። የእንግዳውን መስሎኝ ነው።"

"በቅሎየን አታውቃትም?"

"አውቃታለሁ። ግን ሁለተኛው ችካል ላይ ነበረች።"

ይህን ሊል አላሰበም ነበር። ከአፉ ከወጣ በኋላ ግን ቀኛዝማች ላይ የሆነውን አየ። ካባቸው ከትከሻቸው የወደቀባቸው ይመስል እጃቸው ወደ ደረታቸው ሄደና ጨርቁን ያዘ። ዙሪያቸውን አዩ። ቅርብ ያለው አሽከር ሰማይ ሰማዩን ነው የሚያየው።

"ዝቅ አድርገህ ተናገር" አሉ።

ይሄይስ አንድ እርምጃ ቀረበ።

"ያ ገማች ምን አለበት" አሉ ቀኛዝማች፤ ለማን እንደሚናገሩ አይታወቅም። "ልጅ ነው። የዛሬ ዐሥር ዓመት ቢሆን በደጄ ቆሞ ፈቃድ ይጠይቅ ነበር። ሁዳዱን በማን ስም ትጽፈዋለህ ስለው፣ እናያለን ይለኛል። ማስረጃ አለዎት ወይ ይለኛል። ምን ማስረጃ አለኝ? ለአባቴ የሰጡት ራሳቸው በቃል ነው የሰጡት። እኔም በቃል ነኝ።" ከዘራቸውን ሁለት ጊዜ መሬት ላይ አሹት። "በቅሎውን በሩ ላይ ባስርለት ደስ ይለዋል ብየ ነበር። ልብ ብሎ ያየውም አይመስለኝ።"

ከሩቅ ነጎድጓድ ተሰማ። በቅሎዋ ጆሮዋን አቆመች።

ቀኛዝማች ቀና አሉ፤ ድምፃቸውም እንደ ወትሮው ሆነ። "ሁለት ወፎች ስሙን ጠርተውታል። ሦስተኛው እኔ ልሁን። ሸማኔው ነው በሉና ሕዝቡ ይፈታ።"

"ጌታየ . . ." አለ ይሄይስ።

"ስማኝ። ሸማኔ ቢቆርጣት ብልግና ነው፤ ሰው ይስቅና ይተወዋል። አንተ ከቆረጥካት ግን ለምን ይላል። ለምን ካለ ችካሉ ይወራል።"

"ዳኛ ወፍ አይሆንም" አሉ መሪጌታ።

"ማን ይከለክለኛል?"

ቀኛዝማች በከዘራቸው ተደግፈው ሊነሡ ሲሉ አንድ ትልቅ የዝናብ ጠብታ ካባቸው ላይ አረፈች። ቀጥሎ አንዷ ወንበሩ ላይ።

ከሕዝቡ መካከል አንድ ሰው ተነሣ። ይሄይስ ከሩቅ ማን እንደሆነ አልለየውም። ሰውየው ጋቢውን አጣፍቶ፣ ዱላውን አንሥቶ፣ ሳይቸኩል ወደ መስመሩ ሄደ።

"ተቀመጥ" አለው አንድ አሽከር።

"ጤፌን ልከድን።"

"ተቀመጥ ብየሃለሁ።"

"ያንተንስ ማን ይከድንልሃል?"

አሽከሩ ዱላውን እንዳነሣ ቆየ። ከዚያ ሰማዩን አየ፣ ዱላውን አየ፤ አወረደው። ሌላ ሰው ተነሣ። ከዚያ ዐሥር። ከዚያ መቁጠር አይቻልም። የሚጮህ አልነበረም፤ የሚሰማው የጋቢ መራገፍና የእግር ኮቴ ብቻ ነው። አሽከሮቹም ከሰው ጋር ተቀላቅለው ይሄዱ ጀመር፣ እነሱም ባለ ጤፍ ናቸውና።

ቀኛዝማች ቆሙ። "ከአውጫጭኝ ተነሥቶ የሄደ አጥፊው እሱ ነው" አሉ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። እውነታቸውን ነው፤ ሥርዓቱ እንዲያ ነው፤ ሁሉም ያውቀዋል። በአጠገባቸው የሚያልፉት ጎንበስ ብለው እጅ እየነሡ፣ "ይቅርታ ጌታየ" እያሉ አለፉ። ማንም አልተሳደበም። ማንም ግን አልቆመም። እጅጉ መጥቶ የመሪጌታን እጅ ከይሄይስ ትከሻ ላይ ተቀበለ። "የኔ ወፍ ዝናብ አትወድም ጌታየ" አለና መሪጌታን እየመራ ሄደ።

በሜዳው ላይ አንድ ሰው ብቻ ተቀምጦ ቀረ። ደረሰ ነው። ዝናቡ ራሱን እየመታው፣ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ እንደ ተቀመጠ ነው።

ይሄይስም ሊሄድ ነበር። ማሳው ከኮረብታው ወዲያ ነው፤ ደስታነሽና ልጆቹ ነዶ ተሸክመው ሲሮጡ የሚያያቸው ያህል ይሰማዋል። ቀኛዝማች ግን እጁን ያዙት። እጃቸው ቀዝቃዛ ነበር።

"ማሳህን እረስ" አሉ። "ሸማኔውንም አልነካውም። ይህን ነገር ግን ለሰው አትንገር።"

"ስለ ጭራው?"

"ስለ ችካሉ።"

ይሄይስ አያቸው። ዕድሜውን ሙሉ የፈራቸው ሰው እየለመኑት ነው። ደስ ሊለው በተገባ ነበር። እሱ ግን ከሦስቱም ቀን ይበልጥ ፈራ። ማሳዋ የቆመችው በእኒህ ሰው ቃል ላይ ነው፤ ቃላቸው የቆመው ደግሞ በምን ላይ እንደሆነ አሁን አይቶታል።

"አልናገርም" አለ።

ቀኛዝማች እጁን ለቀቁት። አሽከር ሊጠሩ ዞር አሉ፤ አንድም አሽከር አልነበረም። ወንበራቸውን ራሳቸው አጥፈው በብብታቸው ያዙ፤ በሌላው እጃቸው የበቅሎዋን ልጓም ጨብጠው በእግራቸው ወደ ቤታቸው አቀኑ። የጉማጇ ጨርቅ ረጥቦ ይንጠባጠባል።

ይሄይስ ወደ ደረሰ ሄደ።

"ተነሥ፣ ወደ ቤትህ ሂድ።"

"የሄደ አጥፊ ነው ብለዋል" አለ ደረሰ። "እኔ ደግሞ የምከድነው የለኝም። ልቀመጥ።"

"አጥፊው እኔ ነኝ። ጭራዋን የቆረጥሁት እኔ ነኝ።"

ደረሰ ቀና ብሎ አየው። ዝናቡ ከቅንድቡ ላይ ይወርዳል። "ሰው ሁሉ ሲሸሸኝ፣ ሲያየኝ" አለ ቀስ ብሎ፣ "እንዲያው ሳላውቀው ሄጄ ቆርጨው ይሆን ወይ ብየ ትናንት ማታ ራሴን ስጠይቅ ነበር። ማጭድ እንኳ የለኝ።"

"ይቅር በለኝ።"

"ሰኞ እርስዎ ነበሩ። ማክሰኞም እርስዎ ነበሩ። አሁን በዚህ ባለፉ ጊዜም ያውቁ ነበር።"

"አውቅ ነበር።"

"እኔ ስለ ጥለት ስጠይቅዎ።"

ደረሰ ተነሣ፤ እግሩ ደንዝዞ ኖሮ ትንሽ አነከሰ። "ጋቢውን ሌላ ሰው ይሥራልዎ" አለና ሄደ።

ይሄይስ ከኮረብታው ወዲያ ሲደርስ ግማሹ ነዶ ተሰብስቦ በቆዳና በሳር ተሸፍኗል። ግማሹ ረጥቧል። እሱና ደስታነሽ እስኪመሽ ሳይነጋገሩ ሠሩ። መሽቶ ሲገቡ "ወጣ?" አለችው። "ለሦስት ሰውና ለደረሰ" አላት። ስለ ችካሉ ለእሷም አልነገራትም።

በማግስቱ አደይ መጣች። ድሩን ከነማጉ ጠቅልላ ከደጃፉ ላይ አስቀመጠች፤ ደስታነሽ "ግቢ እንጂ" ብትላት አልገባችም። ዝናብ ያራሰው ጥቅል እስኪደርቅ ድረስ ከምድጃው በላይ ተሰቅሎ ሰነበተ። ቤት ውስጥ የገባ ሰው ሁሉ "ይህ ምንድን ነው?" ይላል። ደስታነሽ ስለ ጤፉ ታወራለች።

ስለ በቅሎዋ ሌላ አውጫጭኝ አልተጠራም። ሰው ዓርብ ዕለት ቀኛዝማችን መንገድ ላይ ሲያገኝ እንደ ድሮው ከበቅሎው ወረደ፤ እሳቸው ግን በእግራቸው ነበሩ። ገማቹ በሚቀጥለው ሐሙስ ተመልሶ ይመጣል፣ ያልጨረሰውን ማሳ ይጽፋል ተባለ።

ሐሙስ ጠዋት ይሄይስ የጠፋ ወይፈን የሚፈልግ መስሎ በቀኛዝማች አጥር በኩል አለፈ። የጠፋ ወይፈን አልነበረውም። በአጥሩ ቀዳዳ አየ። ግቢው ተጠርጓል። ከእልፍኙ በር አጠገብ ያለው ችካል ባዶውን ነው፤ ከሥሩ አዲስ ሣር ተጎዝጉዟል። የቀኛዝማች በቅሎ ከአጥሩ ጥግ ከሁለተኛው ችካል ታስራለች። ይሄይስን በጠረኑ ለየችውና ጉማጇን ወዘወዘች።

ፀሐይዋ ገና መውጣቷ ነው። ገማቹ ከፍኖተ ሰላም አልተነሣም ነበር።